የእናቴን ድሪ ለልጅ ልጅ እንዴት ላሻግረው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። እናቴ ከእናቷ ያገኘችው የብር ድሪ፣ የአንገት ጌጥ፣ አላት። ሰባት ጠገራ ብር አለው፤ በመካከላቸው አምበር የሚባለው ዶቃ ተሰክቷል፤ መሀሉ ላይ የክታብ ማስገቢያ አለው። እሷ በሠርጓ ቀን አድርጋዋለች። እኔና እህቴም ስንዳር አድርገነዋል። አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል። ‹ከእኔ በኋላ እንዳይበተን፤ የቤቱ ሆኖ ይቅር› ትላለች። አራት ልጆች ነን። ቤታችን እንደ ብዙ የወሎ ቤት ነው። እናታችን ሙስሊም ናት፤ አባታችን ነፍሱን ይማረውና ክርስቲያን ነበር። ከእኛም ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለቱ ክርስቲያን ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ‹ይቅለጥና አራት አንባር ይሠራ፤ ሁሉም የድርሻውን ይያዝ› ይላል። ጂዳ ያለችው እህቴ ‹ለእኔ ላኩልኝ› ትላለች። ድሪው ጠቁሯል፤ ክሩም ሊበጠስ ደርሷል። የአባቴ ባና፣ ማለትም የሱፍ ልብሱም፣ አለ፤ ብል ጀምሮታል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ድሪውን አታቅልጡት። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ አንዴ ከቀለጠ መመለሻ ስለሌለው ነው። መጥቆሩ ይቆያል። ክሩም ይቆያል። ባናው እንኳ ጥቂት ቀን ይታገሳል። የማይቆየው እናትሽ የሚያውቁት ነገር ነው።

ሥራዬ የቆዩ ጌጦችንና አልባሳትን መንከባከብ ነው። ብዙ ጊዜ ዕቃው እኔ ጋ የሚደርሰው ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ነው። ልጆች ይዘውት ይመጣሉ፤ «የአያታችን ነው» ይላሉ። የእናት እናት ናቸው ወይስ የአባት? ከየት አመጡት? ማን ሠራው? ስጠይቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። ዕቃው እጃቸው ላይ አለ፤ ስለ እሱ የሚናገር ግን ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ጌጥ ከሁለት ትውልድ በኋላ ሲሸጥ አያለሁ። የሚሸጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ቸግሯቸዋል፤ እጃቸውን የሚይዝ ነገር ደግሞ የለም።

ስለዚህ ምክሬ በአጭሩ ይህ ነው። እናትሽ በሕይወት ሳሉ ስለ ድሪው የሚያውቁትን ይናገሩ። በገዛ እጃቸው ለአንድ ሰው ያስረክቡ። አራታችሁም ያንን እዩ፣ ስሙ፣ ፈርሙ። ይህ ከሆነ ድሪው የቤቱ ሆኖ ይቀራል። ካልሆነ ምንም ያህል ብታጸዱት፣ ምንም ያህል ብትቆልፉበት፣ በግራም የሚመዘን ብር ነው።

ከታላቅ ወንድምሽ ሐሳብ ልነሳ። ስስት ይዞት አይመስለኝም። የሚፈልገው ማንም እንዳይበደል ነው። ስለዚህ በሒሳብ አነጋግሪው። ጠገራ ብር ማለት የኦስትሪያ ገዢ በነበረችው በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተመታው ብር ነው። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሺው 833 እጁ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ከአንዱ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ይገኛል፤ ከሰባቱ 164 ግራም ገደማ። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ 41 ግራም ይደርሳችኋል። በማቅለጥና በመሞረድ የሚባክነውና የአንጥረኛው ዋጋ ገና አልተቀነሰም። እንዲህ ያለ አንባር ነገ ጠዋት ከሱቅ መግዛት ይቻላል። አምበሩ ደግሞ እሳት ሲያገኘው ይቃጠላል። የክታብ ማስገቢያው ላይ ያለው የእጅ ሥራም ከእቶን ሲወጣ ድቡልቡል ብር ብቻ ይሆናል። ወንድምሽ ለራሱ አንባር ከፈለገ ተዋጥታችሁ ግዙለት። ከልቤ ነው የምለው፤ ከማቅለጡ በጣም ይረክሳል።

ስለ ጠገራዎቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ሁሉም ላይ 1780 ተጽፎ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ በፈረንጅ ዘመን ነው፤ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለንግድ ሲመታ ኖሯል። ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይም ተመትቷል። ስለዚህ «1780 ይላልና ድሪያችን ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጠገራው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ከመገበያያነት እየወጣ ሄደ። የድሪውን ዕድሜ የሚነግራችሁ የተሠራበት እጅና የቤተሰባችሁ ትዝታ ነው።

ጠገራዎቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ እዩአቸው። የድሮ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድና ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አተኩሮ ያይ ነበር። ፈርጦቹን ይቆጥራል። ከተፋቁ አይቀበልም። የእናንተም እንደዚያው ሊነበብ ይችላል። ሰባቱም እኩል ካላለቁ፣ አንዱ ልስልስ ብሎ ሌላው ጥርት ያለ ከሆነ፣ ምናልባት በአንድ ቀን አልተሰበሰቡም። አንዱ የማጫ፣ ሌላው የበሬ ሽያጭ፣ ሌላው ከአያት የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን ገምታችሁ አትጻፉት። ይዘሽው ወደ እናትሽ ሂጂና ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናትሽን እንዴት ታናግሪያቸዋለሽ?

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ፊት ለፊት አትቀመጪ። ሰው እንደዚያ ሲጠየቅ ፖሊስ ጣቢያ የገባ ይመስለዋል፤ አጭር አጭር ይመልሳል። ቡና ይፈላ። አቦሉ ይጠጣ። ከዚያ ድሪውን እጃቸው ላይ አድርጊላቸው። ይዳስሱት። እጅ ዕቃ ሲነካ አፍ ይፈታል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ስልክሽን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርገሽ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪው። እየቀዳሽ እንደሆነ ግን ንገሪያቸው፤ ተደብቆ መቅዳት ነውር ነው። በረካ ላይ ሲደርሱ ቢደክማቸው ተዪው፤ ሌላ ቀን ይቀጥላል። አክስት ወይም የቆየች ጎረቤት ብትኖር ጥሪያት። ሁለት አሮጊቶች ሲከራከሩ የሚወጣው ነገር አንዷ ብቻዋን ከምትናገረው ይበልጣል። «ባቲ ነው የተገዛው» «ኸረ ሐርቡ ነው!» ሲባባሉ ዝም ብለሽ ስሚ።

«ታሪኩን ንገሪኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ሰፊ ነው፤ መያዣ የለውም። ትንንሹን ጠይቂ። አያትሽ መጀመሪያ ያደረጉት መቼ ነው? አንጥረኛው የት ነበር፣ ስሙስ? አምበሩ ከየት መጣ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ነው ወይ? ማን ከፈለ? እናትሽ ሠርጋቸው ቀን ድሪውን አንገታቸው ላይ ያሰረላቸው ማን ነው? ከብዷቸው ነበር? ተውሶት የሄደ ሰው ነበር? ተውሶ ሳይመልስ የቆየስ?

ወሎ ውስጥ ለብር ጌጥ ሁሉ የሚጠየቅ ከባድ ጥያቄ ደግሞ አለ። በ66 እንዴት ተረፈ? በ77ስ?

በእነዚያ ሁለት ድርቆች ሰው ከብቱን ሸጦ ሲጨርስ ጌጡን አወጣ። የሴቶች ብር በእህል ተለወጠ። ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ አንባርና አልቦ በአንድ ክረምት ከቤት ወጥቶ ቀረ። እናንተ ቤት ድሪው ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ወይ አንዲት ሴት «ይሄን አልሸጥም» ብላለች። ወይ ከመሬት በታች ተቀብሯል። ወይ ሌላው ሁሉ ተሸጦ እሱ ብቻ ቀርቷል። ወይ መያዣ ተደርጎ በኋላ ተመልሷል። ወይም ደግሞ፣ ይህንንም ለመስማት ተዘጋጂ፣ በዚያ ዘመን ከተራበ ቤት በርካሽ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ይጻፍ። አታሳምሩት። ልጆቻችሁ ድሪውን ሲያደርጉ ስንት ነገር አልፎ እንደመጣ ማወቅ አለባቸው። የማን አንገት ላይ እንደነበረ ጭምር።

የ2014ቱም አይረሳ። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ድሪው የት ነበር? ማን ይዞት ወጣ? ጡት ማስያዣ ውስጥ ነበር፣ ዱቄት ውስጥ ነበር፣ ወይስ እዚያው ቤት ቀርቶ ነበር? ይህ ገና ትኩስ ስለሆነ ታሪክ አይመስላችሁም። ለልጅ ልጆቻችሁ ግን እንደ 77ቱ ይሆናል። ያኔ የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። ስለ አንድ ዕቃ ያለን መረጃ በአንድ ቤት ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ከዚያ በላይ የሚያስተምረን የለም።

የሰማሽውን ሁሉ በደብተር በእጅሽ ጻፊው። የእናትሽን አነጋገር አታርሚ። እንዳሉት ይጻፍ፣ «ኸረ ምን ነካህ» ካሉ «ኸረ ምን ነካህ» ይባል። ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱንም አስፍሪ። ከዚያ ድሪውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ ቀጥታ ፀሐይ አያስፈልግም፣ ፍላሽም ይጥፋ። አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ እያንዳንዱን ጠገራ፣ ጭረቱን፣ የተጠገነበትን ሁሉ አንሱ። ጭረቱ አስፈላጊ ነው። ዕቃ ቢሰረቅ «የእኛ ነው» ብሎ ለማስረዳት የሚያገለግለው ሌላው ድሪ ላይ የሌለው ምልክት ነው። ፎቶውንና ድምፁን አራታችሁም ያዙት። የጂዳዋ እህትሽ ጋ መኖሩ በጣም ጥሩ ነው፤ ከአገር ውጭ አንድ ቅጂ ተቀመጠ ማለት ነው።

የክታብ ማስገቢያውን አትክፈቱት። ውስጡ ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ የቆየ ወረቀት ወይም ብራና ሲፈታ ይሰባበራል። ውሃም አይንካው። ምን እንዳለበትና ማን እንደጻፈው እናትሽ ካወቁ እሱን መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ውርስ። እዚህ ላይ የእናንተ ቤት ሁኔታ ልብ ይባል፤ ሁለት ሕግ ይነካችኋል።

በሸሪዓ መንገድ ከሄዳችሁ ሙስሊም ያልሆነ ልጅ ከሙስሊም እናቱ በውርስ አይካፈልም። ለወራሽ ደግሞ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ በኑዛዜ የተለየ ነገር አይሰጥም። ወራሽ ላልሆነ ሰው ግን እስከ ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይቻላል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሄዳችሁ ደግሞ ልጆች በሃይማኖት ሳይለዩ እኩል ይወርሳሉ። የኑዛዜ ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነው። ግልጽ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት። ዳኛ ወይም ውል የሚያዋውል ሹም በሥራው ላይ ሆኖ ከመሰከረ ሁለት ይበቃሉ። በአፍ የሚነገር ኑዛዜ በሁለት ምስክር ይፈቀዳል፤ ሆኖም ሞት ቀርቧል ሲባል ብቻ ነው፤ ሊሰጥበት የሚችለውም ነገር በጣም ትንሽ ነው፤ ሰውየው ከሦስት ወር በላይ ከኖረም ይፈርሳል። ብዙ ቤት የሚጣላው «እማዬ በአፏ ለእኔ ብላኛለች» እየተባለ ነው።

ለእናንተ የሚሻለው ስጦታ ነው። እናትሽ ጤናቸው እያለ ድሪውን በእጃቸው ይስጡ። በሁለቱም መንገድ ይህ ያስኬዳል። በሸሪዓ በሕይወት ሳሉ የሚሰጥ ስጦታ ተቀባዩ ሲረከበው ይጸናል፤ ተቀባዩ የሌላ እምነት ተከታይ መሆኑ አይከለክለውም። በፍትሐ ብሔሩም የሚንቀሳቀስ ዕቃ እጅ በእጅ ሲሰጥ ስጦታ ይሆናል። ሆኖም በልጆች መካከል ፍትሕ ይጠበቃል። እስልምናው በዚህ ላይ ጠንካራ ቃል አለው፤ በፍርድ ቤት በኩልም «ያገኘው ከድርሻው ይታሰብ» የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ድሪውን ያልተቀበላችሁት ሦስታችሁ «ተስማምተናል፤ ከድርሻ አይታሰብም» ብላችሁ በወረቀት ፈርሙ። አንድ ገጽ ይበቃል። የምታምኑት የሕግ ባለሙያ አንድ ጊዜ ያንብበው፤ ሼኽም ካላችሁ ያማክሩ። ገንዘቡ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዝለሉት። ወንድማማቾች የሚኳረፉት በትንሹ ዕቃ ነው።

ለአራታችሁ በጋራ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። አልደግፈውም። የአራት ሰው የሆነ ዕቃ ላይ አንዱ ተነስቶ «ድርሻዬን» ሲል የቅልጠቱ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ አንድ ይሁን፤ አደራው ግን የሁላችሁም ይሁን። በወረቀቱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ አይሸጥም፣ አይቀልጥም፣ አይበተንም። በቤተሰቡ ሠርግ ጊዜ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፤ ሙስሊምም ትዳር፣ ክርስቲያንም ትዳር። የያዘው ሰው ማቆየት ካልቻለ ከቤተሰቡ ለሌላው ያስረክባል እንጂ ወደ ገበያ አይወጣም። ከባድ ችግር ቢመጣስ? ይህንንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። እኔ ብሆን «አንዱ ተቸግሮ መሸጥ ግድ ቢሆን መጀመሪያ ለሦስቱ ይነገር፤ ተዋጥተን እንደግፈው» ብዬ እጽፍበታለሁ። የ66ና የ77 ወሎ ይህን ጥያቄ በባዶ ሆድ ነው የመለሰው። እናንተ ጠግባችሁ ሳላችሁ መልሱት።

ማን ይያዘው? ወጉ ለታላቅ ወይም ለሴት ልጅ ይላል። እኔ የምመርጠው ስለ ድሪው ማውራት የሚወደውን ነው። ከአራታችሁ እንግዳ ሲመጣ «ነይ ላሳይሽ» የሚል ማን ነው? ልጆቹን ሰብስቦ የሚያወራው ማን ነው? ጥያቄውን የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፤ ግን ምርጫው የእናትሽ ነው። በየዓመቱ በዙር መያዝም አለ። አራታችሁም ደሴ ብትሆኑ እሺ እል ነበር። በመንገድ የሚመላለስ ጌጥ ግን አንድ ቀን ይጠፋል።

ርክክቡ በወጉ ይሁን። ዘመድ የሚሰበሰብበትን ቀን ምረጡ። አረፋ ጥሩ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከኮምቦልቻም ሰው ይመጣል። ሰው የመጣበት ሌላ በዓል ቢሆንም ያው ነው። ቡናው ይፈላ፣ እጣኑ ይጨስ፣ የሰፈሩ ዱበርቲዎች (ዱዓ የሚያደርጉ እናቶች)ና አባቶች ይጠሩ፤ ይመርቁ። እናትሽ ድሪውን አንስተው ይናገሩ፤ ከማን እንዳገኙት፣ ለማን እንደሚሰጡት፣ ለምን። ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ወደ ጓዳ አይሸኙ። ወሎ ላይ በምርቃት የተሰጠን ነገር ሰው በቀላሉ አይደፍረውም። በፊርማ ከታሰረው በላይ ያስራል ባይ ነኝ፤ ፊርማውም ግን ይኑር።

ስለ ጥቁረቱ። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ የድኝ ጋዝ ጋር ተዋህዶ ነው። ጭስ፣ ሱፍ፣ ላስቲክ፣ እንቁላል ሁሉ ድኝ አለባቸው። ጥቁረቱ ስስ ሽፋን ነው፤ ብሩን አይበላውም። አስቸጋሪው የማጽዳት ፍላጎታችን ነው። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በዕቃ ማጠቢያ ዱቄት የሚፈተግ ብር አይቼ ልቤ ይደማል። በየፈተጉት ቁጥር ጥቂት ብር ይሄዳል፤ በመጨረሻም የንግሥቲቱ ፊት ይጠፋል። በቲክቶክ የሚታየው የፎይልና የቤኪንግ ሶዳ ዘዴም ለእናንተ አይሆንም። አምበርና ክር ያለበት ጌጥ ውሃ ውስጥ አይነከርም። ሰንሰለቱ ጉድጓድ ውስጥ የቆየው ጥቁረት ደግሞ የአንጥረኛውን ጥበብ አጉልቶ የሚያሳየው ነው። ሁሉም ነጭ ሲሆን የፋብሪካ ይመስላል።

ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ በቂ ነው፤ አሮጌ ካናቴራ ታጥቦ ይሆናል። በደረቁ ቀስ ብለሽ አብሺው። ቅባት ከያዘ፣ የሠርግ ቅቤ ይሆናል፣ ብሩን ብቻ በረጠበ ጨርቅ ነካ አድርገሽ ወዲያው አድርቂው። አምበሩን በደረቅ ጨርቅ ብቻ። ሽቶ፣ አልኮልና ፀሐይ አምበርን ይጎዳሉ። እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ መርፌ አግሎ መውጋት ገበያ ላይ የተለመደ ነው፤ እናንተ አታድርጉት። እውነተኛም ሆነ ሌላ፣ ቀዳዳው ለዘላለም ይቀራል። ለቤታችሁ ያለው ክብር ደግሞ በዚያ አይለወጥም።

ክሩ አሳሳቢ ነው፤ እስኪበጠስ አትጠብቁት። ግን ከመቁረጣችሁ በፊት ድሪውን ዘርግታችሁ ቅደም ተከተሉን ፎቶ አንሱ፤ በወረቀትም ሣሉት። ከዚያ ተመሳሳይ ቀለም ባለው ጠንካራ የጥጥ ወይም የሐር ክር እንደነበረው ይሰካ፤ በየአምበሩ መካከል ቋጠሮ ይደረግ። ሽቦ አታድርጉበት፤ የብሩን ቀለበት እየሞረደ ይበላዋል። አሮጌውን ክር አትጣሉት። በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀን ጽፋችሁ አብሮ ይቀመጥ። አያትሽ የቋጠሩት ሊሆን ይችላል። አንጥረኛ ጋ የሚወስድ ስብራት ካለ አምበሩ ሁሉ መጀመሪያ ይውጣ፤ እሳት አጠገብ አይቅረብ። «በብር በይድልኝ» በሉት፤ የእርሳስ ብየዳ በኋላ ሲግል ብሩን ይበሳዋል። ሥራውም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ይሠራ። ጠገራ ሲቀየር አይታወቅም።

ስታስቀምጡት ብዙ ጊዜ ታጥቦ ሙጫው የለቀቀ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ሣጥን አድርጉት። ጋዜጣ፣ የላስቲክ ማሰሪያና ነፍታሊን አይጠጉት። ነፍታሊን ለአምበሩ አይበጅም። ቡና ከሚፈላበትና እጣን ከሚጨስበት ክፍልም ይራቅ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ እባካችሁ አድርጉት። ድሪ አንገት ላይ እንዲሆን ተሠርቷል። በሠርግና በበዓል ይውጣ። ሽቶና ቅባት ከተደረገ በኋላ መጨረሻ ላይ ይደረግ፤ ሲወልቅ መጀመሪያ ይውለቅ፤ በጨርቅ ታብሶ ይመለስ። ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሃያ ዓመት የቆየ ጌጥ ልጆች አያውቁትም፤ የማያውቁትን ደግሞ አይጠብቁትም። ከልጆቻችሁ አንዷ ከፍ ስትል የደብተሩን ታሪክ በራሷ እጅ ትገልብጠው። ከዚያ እሷ ስታወራው እናንተ አዳምጡ። የረሳችውን ታውቃላችሁ።

የጂዳዋ እህትሽ ቅር እንዳይላት በደንብ ይነገራት። የቆየ ጌጥ ከአገር ለማውጣት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ያለ ፈቃድ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ ከተያዘ ይወረሳል። እዚያ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለ ዕቃ የምታስቀምጥበት የራሷ ቦታ ላይኖራት ይችላል። ድሪው እዚህ ይቆይ፤ እሷ ግን አትራቅ። ቡናው ላይ በስልክ ትግባ። እናቷ ሲያወሩ በቀጥታ ትስማ፤ ጥያቄዋንም ትጠይቅ። አገር ቤት ስትመጣ ቀድማ የምታደርገው እሷ ትሁን።

የአባትሽ ባና ላይ አጭር ነው። አውጥታችሁ በጥሩ ብርሃን አራግፉት፤ በለስላሳ ብሩሽ እጥፋቱን ጥረጉ። ከዚያ በወፍራም ፕላስቲክ አየር አስወጥታችሁ አሽጉትና ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ሥጋ ቤት የምታውቁት ሰው ካለ ይተባበራችኋል። ሲወጣ ፕላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ አንድ ቀን ሙሉ እንደታሸገ ይሙቅ፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። እንቁላሉም ትሉም ይሞታል። ቀዳዳውን ለመጣፍ አትቸኩሉ። ከዚያ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ አውጥታችሁ እዩት። ከድሪው ጋር በአንድ ሣጥን ግን አታድርጉት፤ ከሱፍ የሚወጣው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል።